ሥራን በልክ ማድረግ

ጨዋታ ሁሉ ሠሪ አለው። ገበጣ ለመጫወት ጥቂት ጉድጓድ፣ ጥቂት ጠጠርና ሕጉን ማወቅ ይበቃናል። ዛሬ ግን ልጆች በኮምፒዩተርና በስልክ መስታወት ላይ የሚጫወቱት ሌላ ዓይነት ጨዋታ አለ። እዚያ ውስጥ ሰው ሲሮጥ ይታያል፤ ድምፅም ይሰማል። አንዱ ባለሙያ ሥዕሉን ይሥላል፤ ሌላው ድምፁን ያዘጋጃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመውን ትእዛዝ ይጽፋል። ይህን ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ።

ተማሪዎች ጨዋታ ሥሩ ሲባሉ ብዙ ጊዜ ከአቅማቸው በላይ ያቅዳሉ። መቶ ከተማ፣ ሺህ ሰው፣ ልዩ ልዩ አውሬ ይኑርበት ይላሉ። የተሰጣቸው ጊዜ ግን አጭር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ተጀምሮ አንዱም ሳያልቅ ይቀራል። ይህ ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም። አንድ ጥማድ በሬ ይዞ ለአራት ጥማድ የሚበቃ መሬት ልረስ ያለ ሰው፣ የዘር ጊዜ ያልፍበታል። ያረሰውንም አረም ይውጠዋል።

ሥራው ለምን እንዲህ ይበዛል? አንድ ነገር ሲጨመር ሌላውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። የጨዋታው ሰው ይዋኝ ቢባል ውሃው መሣል አለበት። አዋዋኙ መሠራት አለበት። ቢሰጥምስ ምን ይሆናል? ይህም መታሰብ አለበት። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደገና ይሞከራል።

በልክ የሠሩትን እንመልከት። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ ዲጂፔን በሚባል ኮሌጅ የተማሩ ጥቂት ተማሪዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ናርባኩላር ድሮፕ የተባለ ጨዋታ አወጡ። መሠረቱ አንድ ሐሳብ ነው፦ ግድግዳ ላይ ሁለት በር ይከፈታል፤ በአንዱ ተገብቶ በሌላው ይወጣል። በጨዋታው ያለችው ልዕልት መዝለል እንኳ አትችልም። ጨዋታው አጭር ነበር፤ ግን አለቀ። ቫልቭ የተባለ ኩባንያ አይቶ ተማሪዎቹን ቀጠራቸው። ከዚያው ሐሳብ ፖርታል የተባለው ጨዋታ ተሠርቶ በ2007 ወጣ፤ በዓለምም ታወቀ።

ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ በ1984 በሞስኮ የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ተማሪ አልነበረም፤ የሳይንስ አካዳሚ ሠራተኛ ነበር። መነሻው ከአምስት አምስት ካሬ የሚገጣጠሙ 12 ቅርጾች ነበሩ። እሱ ግን ካሬዎቹን አራት አራት አደረጋቸው። ቅርጾቹም 7 ብቻ ሆኑ። ጨዋታው በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡት አንዱ ሆነ።

እንግዲህ የበዛን ሥራ እንዴት እንቀንስ? አንደኛ፣ «ምን ቢጎድል ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም?» ብለን እንጠይቅ። ያ እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ የቀረውን በሁለት እንክፈል፦ አሁን የሚሠራና ለሌላ ጊዜ የሚቆይ። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተር ሳንነካ ሐሳቡን በወረቀትና በጠጠር እንሞክር። በጠጠር ካላስደሰተ ሥዕል ቢጨመርለት አይድንም። አራተኛ፣ የቀረውን ቀን እንቁጠር።

ከሁሉ የሚከብደው የባልደረባን ድካም ማስቀረት ነው። ለሳምንት የሣለው ሥዕል ሲቀር ማን ደስ ይለዋል? ስለዚህ የሚቀረው በአንድ ሰው ትእዛዝ ሳይሆን በጋራ ምክር ይወሰን። የቀረውም አይጣል፤ ይቀመጥ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ካለን፣ የኮምፒዩተር ነገር ባይገባን እንኳ፣ «ምን ቀረህ? ስንት ቀን አለህ?» ብለን ልንጠይቀው እንችላለን። ጥያቄው ለእርሻም፣ ለቤት ሥራም፣ ለጨዋታም ያው ነው።

ጥያቄ
1. አንድ ነገር ሲጨመር ሥራው የሚበዛው ለምንድን ነው?
2. በዚህ ዓመት ከጀመራችሁት ሥራ ውስጥ ለሌላ ጊዜ ቢቆይ የሚሻለው የትኛው ነው?