የሊፍቱ ፍሬን መቼ ተፈተነ?

መብራት ጠፍቶበት ሊፍት ውስጥ የቀረ ሰው ቀድሞ የሚመጣበት ስጋት «ሊወድቅ ይሆን?» የሚል ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሊፍት ሞተርን ፍሬን የሚያስይዘው ሞላ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ማግኔቱ ሞላውን ስቦ ፍሬኑን እንዲለቅ ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሞላው ይጨብጣል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዘይት የነካው ሸራ ይንሸራተታል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ማግኔቱ የሚስብበት ክፍተት ይሰፋል፤ አቅም ያጣው ማግኔት ፍሬኑን በሙሉ አይለቅም፣ ሞተሩም እንደተያዘ እየዞረ ሸራውን ያቃጥለዋል። ክፍተቱ በአምራቹ ልክ ይለካል እንጂ በዓይን አይገመትም። ፍሬኑ ካልያዘ ባዶ ሊፍት (ብዙዎች አያምኑም) የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ይበልጠዋልና።

የአውሮፓ የሊፍት ደረጃ፣ ከተፈቀደው ጭነት 25 በመቶ ጨምሮ በመደበኛ ፍጥነቱ የሚወርድን ሊፍት ፍሬኑ ብቻውን ማቆም አለበት ይላል። ሙከራው ታዲያ በክብደት እንጂ በሰው አይደለም።

እኔ ያየኋቸው የጥገና ውሎች «በየወሩ ይታያል» ይላሉ። ማየት መፈተን አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ባይገመትም እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ሊፍቱ የሕንፃው አካል ነው ብሎ ለመከራከር ጠበቃ የሚቸገር አይመስለኝም። ባለቤቶች፣ የክፍተቱን ልክና የመጨረሻውን ሙከራ ቀን ከጠጋኙ በጽሑፍ ተቀበሉ።