ለጋ ከዋክብት በምን ይታወቃሉ

በታኅሣሥ ወር፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው፣ ካኖፐስ ከተባለችው ደማቅ ኮከብ በስተቀኝ ቤታ ፒክቶሪስ የምትባል ደብዘዝ ያለች ኮከብ ያያል፤ ይህችም ኮከብ ከምድራችን 63 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀች፣ ዕድሜዋም ከ20 ሚሊዮን ዓመት ጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ፣ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ካስቈጠረችው ፀሐያችን አንጻር ገና ጨቅላ ናት።

የጎጃም አድባራት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቈጥረው በዓላትንና አጽዋማትን ሲወስኑ ኖረዋል፤ የኮከብ ዕድሜ ግን በዑደት ቍጥር የማይገኝ፣ በዓይን አይቶም የማይለይ ስለሆነ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች እንደ ቀድሞ ዳኛ የአንዱን እማኝ ቃል በሌላው እየመረመሩ ይፈርዳሉ።

ፊተኛው እማኝ፣ በሐኪም ቤት አጥንት የሚታይበት ራጅ ነው። ለጋ ኮከብ በዛቢያዋ ላይ እጅግ ፈጥና ስለምትሽከረከር፣ ለፀሐያችን አንድ ዙር 25 ቀን ያህል ሲፈጅ ኤቢ ዶራዱስ ለተባለችው ለጋ ኮከብ ግማሽ ቀን ይበቃታል፤ ከዚህም ፍጥነት የሚወለደው ብርቱ መግነጢሳዊ ኃይል በዙሪያዋ ያለውን ስስ ጋዝ እስከ ሚሊዮኖች ዲግሪ ስለሚያግለው፣ ከብርሃኗ በራጅ የሚወጣው ድርሻ ከፀሐይ እስከ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ራጅ የምድርን አየር ዘልቆ ስለማይወርድ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የወጣችው የጀርመን ሳተላይት ሮሳት ሰማዩን ሁሉ ዳስሳ ከ100,000 በላይ የራጅ ምንጮችን መዘገበች፤ በ2019 የተላከው ኢሮሲታ የተባለው የራጅ ቴሌስኮፕ ደግሞ በ2024 በወጣው መዝገቡ 900,000 ያህል አስፍሯል። ይሁን እንጂ ተቀራርበው የሚዞሩ አሮጌ ጥንድ ከዋክብትም እርስ በርስ በመሳሳብ ፈጥነው ስለሚሽከረከሩ፣ በራጅ ብቻ ሲታዩ ለጋ ይመስላሉ።

ሁለተኛው እማኝ በመሣሪያ ተበትኖ የሚመረመረው የኮከቡ ኅብረ ብርሃን ነው። ሊቲየም በ2.5 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ የሚጠፋ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ከፀሐይ አነስ ባሉት ከዋክብት ውስጥ የሚናወጠው ጋዝ ወደ ጥልቁ እያወረደ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ በ670.8 ናኖሜትር ላይ ጥቍሩ የሊቲየም መሥመር ጐልቶ የሚታይባት ኮከብ ለጋ ትባላለች። በአውስትራሊያ በ3.9 ሜትር ቴሌስኮፕ የተካሄደው ጋላህ የተባለው ዳሰሳ የ400 ያህል ከዋክብትን ብርሃን በአንድ ጊዜ ይቀበል የነበረ ሲሆን፣ ይህን መሥመር ጭምር መዝግቧል። ነገር ግን ሊቲየም የበዛባቸው አሮጌ ግዙፍ ከዋክብት አንዳንዴ ስለሚገኙ፣ ይህም እማኝ ብቻውን አይበቃም።

የሁለቱ ቃል ሲስማማ ግን ጥርጣሬው እጅግ ይቀንሳል፤ በ2013 የተላከችው ሳተላይት ጋያ የለካችው የከዋክብት ጕዞም፣ በአንድነት የተወለዱት በአንድነት ስለሚጓዙ፣ ሦስተኛ እማኝ ሆኖ ይጨመራል። በ1997 በቲ ደብሊው ሃይድራ ዙሪያ የታወቀው፣ ዕድሜው ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው ማኅበረ ከዋክብት በሮሳት ራጅና በሊቲየም ምስክርነት የተለየ ነበር። ፍለጋው የሚደከምበትም ምክንያት፣ የለጋ ከዋክብት ፕላኔቶች ከውልደታቸው ሙቀት ገና ስላልበረዱ በቀጥታ ፎቶግራፍ ሊነሡ መቻላቸው ነው፤ የቤታ ፒክቶሪስ ፕላኔት ለዚህ ማስረጃ ናት።

እነዚህ መዝገቦች ለሁሉ ክፍት ናቸው፤ በእንጦጦም 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የምትማሩ ወጣቶች፣ የራጁን መዝገብ ከኅብረ ብርሃኑ መዝገብ ጋር እያስተያያችሁ ከዋክብትን ለመመርመር አትዘግዩ።