ልብ ወለድን በጣውላ ላይ ማተም

የእንጨት ኅትመት ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። በደንብ የተላገ ጣውላ፣ ስለት ያለው መቦርቦሪያ፣ ቀለምና ወረቀት ይበቃል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ቦታ ተቦርቡሮ ይወጣል፤ ሳይነካ የቀረው ፊት ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ወረቀት ይነጠፍበትና ጀርባው በማንኪያ ይታሻል። ሥዕሉም ፊደሉም ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ማኅተም ቀራጮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። አንዴ የተቦረቦረ አይመለስምና ቀራጩ ከረጅም ታሪክ ውስጥ የትኛውን ትዕይንት እንደሚይዝ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ወጣቶች በቡድን ሲሠሩት ደግሞ ውሳኔው የሁሉም ይሆናል። ለመስማማት ይከራከራሉ፤ ለመከራከር መጽሐፉን ደግመው ይገልጣሉ። ከዚህ የተሻለ የንባብ ትምህርት አላውቅም።

በኒው ዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ መምህሩ ቲም ሮሊንስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ጀምሮ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎቹ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ ተብለው የተተዉ ነበሩ። እሱ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር፤ እነሱ እየሰሙ ይስሉ ነበር፤ የመጽሐፉን ገጾች በሸራ ላይ ለጥፈው የተስማሙበትን ሥዕል ያሰፍሩበት ነበር። በካፍካ ልብ ወለድ «አሜሪካ» ላይ የሠሯቸው ሥዕሎች በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እስከ መግባት ደርሰዋል።

በእኛም አገር ሙያው ሥር አለው። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) ሁለተኛ አጋማሽ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ኅትመት አስተምሯል፤ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነው። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ሁለቱን ማገናኘት ለጎጃም ልጆች ይገባል ባይ ነኝ። ታሪኩ የአገራቸው ነው፤ ጉዱ ካሳ ብቻውን ቆሞ ሲሞግት፣ ሰብለወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ላለው ጣውላ የተመቹ ትዕይንቶች ናቸው። ለአካባቢውም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጣና ገዳማት ሠዓልያን፣ ለምሳሌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የተጻፈውን ታሪክ ወደ ሥዕል ሲያወጡ ኖረዋል።

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዱርቤቴ ይህን ለመሞከር ማተሚያ መኪና አያስፈልጋትም። ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ነው፤ ለስለት ይታዘዛል። የከተማዋ የአማርኛና የሥዕል መምህራን፣ በመጪው ክረምት አንድ ምዕራፍ መርጣችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ጀምሩት።