ከበሮ በሰው እጅ ያምር፦ ነጋዴውና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

አዲስ ዕቃ ገበያ ሲወጣ ከዕቃው ቀድሞ ወሬው ይደርሳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኖሎጂም የገጠመው ይኸው ነው። ቻትጂፒቲ የተሰኘው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ «ይህን ያልያዘ ነጋዴ ከገበያ ይወጣል» የሚለው ማስፈራሪያና «ሁሉን ይሠራልሃል» የሚለው ማባበያ ከአንድ አፍ ይሰማል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቀድመው የሞከሩት ትልልቅ ድርጅቶች ምን እንደገጠማቸው መመልከት ይጠቅማል።

«ማሽኑ ያውቃል»

የስህተቶች ሁሉ መነሻ ይህ ነው። ቴክኖሎጂው የሚሠራው ከተሰጠው ብዙ መረጃ ውስጥ የሚደጋገመውን ፈልጎ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን በመገመት ነው። ጽሑፍ የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞችም ተከታዩን ቃል የሚመርጡት በዚሁ ስሌት ነው። በመሆኑም የሌለ የሕግ አንቀጽ ወይም የተሳሳተ ዋጋ አሳምረው ሊጽፉ ይችላሉ። የአጻጻፉ ማማር ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆንም።

«የነገን ዋጋ ይነግረናል»

በዚህ ግምት ክፉኛ የተጎዳው ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ገበያ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 ቤት ራሱ እየገዛና እያደሰ መልሶ መሸጥ ጀመረ። ዋጋውን ለመገመት የተማመነው በኮምፒዩተር ስሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት 9,680 ቤቶች ሲገዛ የሸጠው ግን 3,032 ብቻ ነው። በዚያው ሩብ ዓመት በእጁ ከነበሩት ቤቶች ዋጋ ላይ 304 ሚሊዮን ዶላር በኪሳራ ለመቀነስ ተገደደ። በኖቬምበር ወር ሥራውን እንደሚዘጋና ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ምክንያቱን ሲገልጽም የቤት ዋጋን አስቀድሞ መገመት ከጠበቀው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ እንዳገኘው ተናግሯል።

እዚህ ላይ ማንኛውም ነጋዴ የሚያውቀው ነገር አለ። ሻጭ የቤቱን ጉድለት ከገዢው ይልቅ ያውቃል። ገዢው ዝቅ አድርጎ ከገመተ አይሸጥለትም፤ ከፍ አድርጎ ከገመተ ግን ሳይውል ሳያድር ይሸጥለታል። ስለዚህ ስሌቱ ወደ ላይ በተሳሳተ ቁጥር ቤቱ በገዢው እጅ ይገባል። ከዚያም ገበያው ሲቀዘቅዝ ትናንትን ብቻ የሚያውቀው ስሌት ባለቤቱን ከነክምችቱ ይተወዋል።

«ማሽን አያዳላም»

አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሥራ ማመልከቻዎችን የሚያበጥር ፕሮግራም ሲሞክር ቆይቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተማረው በ10 ዓመታት ውስጥ ለኩባንያው ከቀረቡ ማመልከቻዎች ሲሆን፣ ከአመልካቾቹ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ። በዚህ የተነሳ የሴቶችን ማመልከቻ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ኩባንያው ሙከራውን መተዉ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቧል። ማሽኑ አድልዎውን ከራሱ አላመጣውም፤ ከድርጅቱ መዝገብ ላይ ተማረው እንጂ።

«ሠራተኛ ይቀንስልናል»

የአውስትራሊያው ኮመንዌልዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 የደንበኞችን ስልክ የሚመልስ ፕሮግራም አስገብቶ 45 የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታወቀ። የሠራተኞች ማኅበሩ ግን የስልክ ጥሪው እንደ መቀነስ እየጨመረ መሆኑን በመግለጽ ተከራከረ። ባንኩም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ውሳኔውን ሽሮ ሠራተኞቹን ይቅርታ ጠየቀ። ቀላሉን ጥያቄ ማሽን ቢመልስም የከበደውና የሚያከራክረው ጉዳይ ወደ ሰው መምጣቱ አይቀርም።

«ቢሳሳት ጥፋቱ የማሽኑ ነው»

ነጋዴው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቀው የሚገባው ይህን ነው። አንድ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ2022 አያቱ በመሞታቸው ከኤር ካናዳ ቲኬት ሲገዛ፣ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ደንበኞችን የሚያነጋግረው ፕሮግራም የሐዘንተኛ ቅናሹን ከተጓዘም በኋላ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ጉዳዩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ዳኝነት ጉባኤ ፊት ሲቀርብ፣ አየር መንገዱ ፕሮግራሙ ለሥራው ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ አድርጎ ተከራከረ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ሱቅ ውስጥ የቆመ ሻጭ ዋጋ ቢያሳስት ባለሱቁ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ማሽኑ ለተናገረውም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌሎች ችግሮች ይጨመራሉ። ሒሳቡ በዱቤ ደብተርና በቃል ስምምነት የሚሄድ ድርጅት ለማሽኑ የሚሰጠው የተደራጀ መረጃ የለውም። ፕሮግራሞቹ የሚማሩበት የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በአማርኛ የሚሰጡትን መልስ ይበልጥ መፈተሽ ያስፈልጋል። የደንበኞችን ስምና ሒሳብ ለእነዚህ ፕሮግራሞች አሳልፎ የሚሰጥ ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማሰብ ይኖርበታል።

ይህ ሲባል ቴክኖሎጂው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ደብዳቤ ለማርቀቅ፣ ረጅም ሰነድ ለማሳጠር፣ የደንበኛ ቅሬታ በየዓይነቱ ለመለየት ጊዜ ይቆጥባል። እንዲህ ያለውን ሥራ ሰው በቀላሉ አይቶ ማረም ይችላል። እንግዲህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማሽኑ የሚማረው ከየትኛው መዝገብ ነው? ሥራውን የሚያየው ሰው ማን ነው? ሲሳሳት የሚከፍለውስ? ለሦስተኛው ጥያቄ ሻጩ መልስ ካጣ ከፋዩ ገዢው ራሱ መሆኑን ይወቅ።