የውቅያኖስ ዓሣ ኮታ

የዓሣ ኮታ ከአንድ የባሕር ክፍል፣ ከአንድ የዓሣ ዝርያ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጠመድ የሚፈቀደውን መጠን በቶን ቆርጦ የሚያስታውቅ ደንብ ነው። በ1883 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ በተከፈተው የዓሣ ሀብት ዐውደ ርእይ፣ ስመ ጥሩው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ ታላላቆቹ የባሕር ዓሦች ተጠምደው የሚያልቁ አይደሉም ሲል ተናግሮ ነበር። በመንጠቆና በሸራ መርከብ ዘመን ይህን ማለቱ ብዙ አያስወቅሰውም። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከሚከታተላቸው የባሕር ዓሣ ክምችቶች ሲሶ ያህሉ ከልክ በላይ የተጠመዱ ናቸው። መርከቦቹ እየገዘፉ ቢሄዱም ከባሕር የሚወጣው ጠቅላላ ምርት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከነበረበት እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

የኮታው መነሻ ስለ ዓሣ መራባት የታወቀ አንድ ጠባይ ነው። ዓሣው ባሕሩን ሲሞላ ምግብ ይሻማል፤ የሚወለደውና የሚሞተው ይመጣጠንና ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። መረብ ገብቶ ሲያሳሳው የቀሩት ጠግበው ይበላሉ፣ ቶሎ ያድጋሉ፣ ከጫጩቶቻቸውም ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ለሰው የሚሆነው ይህ ትርፍ ነው። በቀላሉ ስሌት ትርፉ ከሁሉ የሚበዛው ክምችቱ ካልተነካበት ዘመን ግማሽ ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወርዶ ሲሳሳ ወላጆቹ ራሳቸው ስለሚያንሱ ትርፉም አብሮ ይወርዳል። ከብት አርቢ በዓመት ስንት ቢያርድ መንጋው እንደማይጎድልበት ያውቃል፤ ማታ ማታ ወደ በረት ሲገቡ ይቆጥራቸዋልና። ባሕር በረት የለውም።

ስለዚህ ቆጠራው በተዘዋዋሪ መንገድ ይካሄዳል። የምርምር መርከብ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት፣ በተመሳሳይ መረብ፣ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች ላይ ይጎትታል፤ ዓሣ ይገኝበታል በተባለውም አይገኝበትም በተባለውም። የተያዘው ዓሣ ይለካል፣ ይመዘናል። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ የጆሮ ድንጋይ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ስለምትጨምር ዕድሜው ከእርሷ ይነበባል። ወደብ ላይ የተራገፈው ምርት መዝገብ ተጨምሮበት ሒሳቡ ይሠራል። ውጤቱ ግን ግምት ነው፤ ግምቱ ወደ ላይ ሲያደላ የሚያስከትለውን ጥፋት የካናዳው የኮድ ዓሣ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

በኒውፋውንድላንድ ደሴት አካባቢ የሚገኘው ጥልቀት የሌለው የባሕር ወለል ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ዓሣ አስጋሪዎች መናኸሪያ ነበር። ለአራት ተኩል መቶ ዓመታት ዓሣው ሳያልቅ ቆየ። በ1950ዎቹ ግን የያዙትን ዓሣ እዚያው ባሕር ላይ የሚበልቱና የሚያቀዘቅዙ፣ ለሳምንታት ወደብ የማያስፈልጋቸው ፋብሪካ መርከቦች መጡ። በ1968 ከሰሜኑ የኮድ ክምችት በአንድ ዓመት ብቻ 800 ሺህ ቶን ያህል ወጣ። ካናዳ በ1977 እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ውኃ በሥልጣኗ ሥር አድርጋ የውጭ መርከቦችን ብታርቅም፣ ክፍት የሆነውን ቦታ የራሷ ትልልቅ መርከቦች ሞሉት።

ሳይንቲስቶቹን ያሳታቸው አንዱ ነገር የእነዚህ መርከቦች መዝገብ ነው። ኮድ ቁጥሩ ሲመናመን በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ መርከቦቹ ደግሞ የተሰበሰበበትን በድምፅ ሞገድ ፈልገው ያገኙታል። በአንድ ሰዓት ጉተታ የሚያዘው ዓሣ ሳይቀንስ ባሕሩ ባዶ እየሆነ ነበር። በባሕር ዳር በትንንሽ ጀልባ የሚሠሩት አስጋሪዎች በ1980ዎቹ ዓሣው አነሰ፣ ቁመቱም አጠረ እያሉ ቢጮኹ ሰሚ አላገኙም። በዚህ ጉዳይ ከሒሳቡ ይልቅ የእነርሱ ዓይን ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሐምሌ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማጥመድ መታገዱን አስታወቁ፤ 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ ፈታ። ለሁለት ዓመት የታሰበው እገዳ፣ በመካከሉ ለባሕር ዳር አስጋሪዎች መጠነኛ ፈቃድ ቢሰጥም፣ መነሳቱ የተነገረው በ2024 ነው። ያን ጊዜ የተፈቀደውም 18 ሺህ ቶን ብቻ ነበር።

መጠኑን በትክክል መቁረጥም ብቻውን አይበቃም፤ ማን ምን ያህል እንደሚይዝ ካልተነገረ ኮታው ሽሚያ ይሆናል። በአላስካ ሃሊበት የተባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ሁሉም ከአንድ ድርሻ ይሻሙ ስለነበር፣ የማጥመጃው ወቅት እያጠረ ሄዶ በአንዳንድ አካባቢ በዓመት ወደ ጥቂት ቀናት ወረደ። ማዕበል ቢነሳም ቀኑ እንዳያልፍ ይወጡ ነበር። ከ1995 ጀምሮ ለየባለ ጀልባው ድርሻ ሲሰጥ ወቅቱ ወደ ስምንት ወር ተዘረጋ፤ ገዢውም ትኩስ ዓሣ አገኘ። አይስላንድ በ1990 ሕጓ ይህን ድርሻ ሊሸጥና ሊለወጥ የሚችል አድርጋዋለች። ሕጉ ዓሣው የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ድርሻው ግን በሽያጭ ወደ ጥቂት ኩባንያዎች ስለተሰበሰበ አንዳንድ የወደብ መንደሮች ሥራ አጥተዋል። ሥርዓቱ ዓሣውን ጠቅሟል፤ ለሰዎቹ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልበረደም።

ከአገር አገር ለሚጓዝ ዓሣ፣ በተለይ ለቱና፣ የአንድ መንግሥት ኮታ ትርጉም የለውም። እነ ኪሪባቲ፣ ቱቫሉና ፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚገኙባቸው ስምንት የፓሲፊክ አገሮች በናውሩ ስምምነት ተባብረው ከ2007 ጀምሮ በቶን ፋንታ የመርከብ ቀናትን ይሸጣሉ። የቀናቱ ጠቅላላ ቁጥር የተወሰነ ነው። ዝቅተኛው ዋጋም ለአንድ ቀን 8,000 ዶላር ደርሷል። በትልልቆቹ የከበባ መረብ መርከቦች ላይ ታዛቢ ይሳፈራል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢደራደሩ የሩቅ አገር መርከብ ባለቤቶች ዋጋ ያሰብሩባቸው ነበር።

የቀረው ቁጥጥር ነው። መርከቦች ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳውቅ መሣሪያ እንዲይዙ ይገደዳሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2015 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ፣ ኮታ የተጣለበትን ዓሣ ወደ ባሕር መልሶ መጣልን ከልክሏል። መሣሪያው ግን ሊጠፋ፣ በሌሊትም ጭነት ከመርከብ ወደ መርከብ ሊዛወር ይችላል። በ2016 በሥራ ላይ የዋለው የወደብ መንግሥታት ስምምነት ለዚህ የተበጀ ነው፦ ፈራሚ አገሮች የውጭ መርከብ ወደባቸው ከመግባቱ በፊት የማጥመጃ ፈቃዱንና የያዘውን ዓሣ እንዲያስታውቅ ይጠይቃሉ፤ ሕገ ወጥ መሆኑ በበቂ ማስረጃ ሲታወቅም መግባት ወይም ማራገፍ ይከለክሉታል።