የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት በኦንላይን ወይስ በካምፓስ፦ በአሜሪካ ለመማር ያሰቡ አስቀድመው ሊያጣሩት የሚገባ ጉዳይ

በአሜሪካ አዲስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመረቀው ዛሬ በዶክትሬት ደረጃ ነው። ነብራስካ ግዛት የሚገኘው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሙያው ጀማሪዎች የመጀመሪያውን የ“ዶክተር ኦፍ ፊዚካል ቴራፒ” ወይም በአጭሩ የዲፒቲ ፕሮግራም ሲከፍት፣ ሌሎች ተቋማት ሙያውን በባችለርና በማስተርስ ዲግሪ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን ዕውቅና ያላቸው ተቋማት ለጀማሪ የሚሰጡት ዲግሪ ዲፒቲ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። በዚህም የተነሳ በኢትዮጵያ በባችለር ዲግሪ ተመርቀው ወደዚያ የተሻገሩ ባለሙያዎችም ሆኑ በዚያው ያደጉ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ትምህርቱን በኦንላይን መከታተል ይሻላል ወይስ ካምፓስ መግባት የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሚመረጠው ዲግሪ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚያበቃ ነው ወይስ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚሰጥ ተጨማሪ ማዕረግ ነው የሚለው ነው።

አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዲግሪዎች

ዲፒቲ የሚለው ስያሜ ለሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ያገለግላል። የመጀመሪያው ከሌላ መስክ የባችለር ዲግሪ ይዞ ሙያውን ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው የሚሰጠው ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይፈጃል፤ ዕውቅና የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ካፕቲ የሚባለው የፊዚካል ቴራፒ ትምህርት ዕውቅና ኮሚሽን ነው። ሁለተኛው “ትራንዚሽናል ዲፒቲ” ይባላል። ቀደም ሲል በባችለር ወይም በማስተርስ ዲግሪ ተመርቀው በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የራጅና የኤምአርአይ ምስል ንባብን፣ የመድኃኒት ዕውቀትንና ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን በሽታዎች የመለየት ትምህርትን የመሳሰሉ ማሟያዎችን ይሰጣል። ይህ ሁለተኛው በአብዛኛው በኦንላይን የሚሰጥ ነው። ካፕቲ ለዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዕውቅና አይሰጥም፤ ዲግሪውም ለብቻው የሙያ ፈቃድ አያስገኝም።

ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ለአብነት ያህል፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቃ በሜሪላንድ ግዛት ከእህቷ ጋር የምትኖርና ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ትታሰብ። ሥራ ሳያቋርጡ ዶክተር መሆን እንደሚቻል የሚገልጽ ማስታወቂያ አይታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ትከፍላለች፤ ትምህርቱንም በሚገባ ትጨርሳለች። ለሙያ ፈቃድ ስታመለክት ግን የግዛቱ የፈቃድ ቦርድ በቅድሚያ የሚመረምረው አዲሱን ዲግሪ ሳይሆን የመጀመሪያውን ነው። የጎንደሩ ትምህርት በአሜሪካ ከሚሰጠው ጋር አቻ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል፤ ይህም ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው የውጭ አገር የፊዚዮቴራፒ ማስረጃዎችን በሚመረምረው፣ ኤፍሲሲፒቲ በሚባለው ተቋም አማካይነት ነው። ምርመራው የእያንዳንዱን ኮርስ ይዘትና የክሊኒክ ልምምዱን ሰዓት ጭምር ይመለከታል። ጉድለት ከተገኘ ተለይቶ ይጻፋል፤ አመልካቿም ያንኑ የጎደለውን እንድታሟላ ትጠየቃለች። ጉድለቱ በጠቅላላ ትምህርት ወይም በልምምድ ሰዓት ላይ ከሆነ በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛው ትራንዚሽናል ዲፒቲ ላይሸፍነው ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በውጭ አገር ተመርቆ በአሜሪካ መሥራት የሚፈልግ ባለሙያ በመጀመሪያ ሊሠራበት ያሰበውን ግዛት የፈቃድ ቦርድ መመሪያ ያንብብ፤ ከዚያም ማስረጃውን ያስመርምር፤ ምን እንደጎደለው ካወቀ በኋላ ብቻ ኮርስ ይምረጥ። የኮርስ ዝርዝርና የይዘት መግለጫ ከተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ማስመጣት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከአገር ከመውጣት በፊት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። አብዛኞቹ ግዛቶች የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም ይጠይቃሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ብሔራዊ የፊዚዮቴራፒ ፈተና ነው። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ የሚሰጥ ሲሆን ማለፊያው 600 ነው፤ አንድ ሰው በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜው ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ ሊቀመጥበት አይችልም። ሳይዘጋጁ ለሙከራ የሚቀመጡበት ፈተና እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

ለጀማሪዎች ያለው ምርጫ

ሙያውን ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው ከአንደኛ ቀን እስከ ምረቃ በኦንላይን የሚያልቅና ለፈቃድ የሚያበቃ ዲፒቲ የለም። ያለው “ሃይብሪድ” የሚባለው ቅይጥ ዘዴ ነው። ንድፈ ሐሳቡ በኦንላይን ይሰጣል፤ ተማሪው በየሴሚስተሩ ለተወሰኑ ቀናት ወደ ካምፓስ ተጉዞ በቤተ ሙከራ ይሠለጥናል፤ ከዚያም እንደማንኛውም ተማሪ ወደ ሆስፒታልና ክሊኒክ ይመደባል። ካፕቲ የሚጠይቀው የሙሉ ጊዜ የክሊኒክ ልምምድ ቢያንስ 30 ሳምንት ሲሆን፣ ይህ ለመደበኛውም ለቅይጡም እኩል ግዴታ ነው። ቤይለርና ተፍትስን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በቅይጥ ዘዴ ትምህርቱን ወደ 2 ዓመት አሳጥረው ይሰጣሉ።

የአካል ሥልጠናው የማይቀርበት ምክንያት ከሙያው ጠባይ የመነጨ ነው። በስትሮክ ግማሽ አካሉ የዛለን ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲያሻግሩ ጉልበቱን በየት በኩል መደገፍ እንደሚገባ፣ የደረቀ የትከሻ መገጣጠሚያ ሲንቀሳቀስ የት ላይ መቆም እንዳለበት፣ እጅ የሚማረው ሌላ እጅ እያረመው ነው። በኢትዮጵያ የወጌሻ ልጅ ሙያውን ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የተሰበረውን አጥንት እየዳሰሰ መማሩ በአጋጣሚ አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት የተለየ ሳይንስና የተለየ ጥንቃቄ ይዞ ቢመጣም ከዳሰሳ አላመለጠም።

ከዚህ አንጻር በመደበኛና በቅይጥ መካከል ያለው ልዩነት የጥራት ሳይሆን የኑሮ ነው። ቅይጡ ቤተሰቡን ይዞ መኖሪያውን መልቀቅ ለማይችል ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም “ኦንላይን” የሚለው ቃል ቀላል የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በ2 ዓመት የሚጠናቀቀው ፕሮግራም የ3 ዓመቱን ትምህርት ያጨቀ በመሆኑ የሙሉ ጊዜ ሥራ ይዞ መዝለቅ እጅግ ይከብዳል። የጉዞና የማረፊያ ወጪ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ላይካተት ይችላል። የሚኖሩበት ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪዎች የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ ከግል ተቋማት ያነሰ ስለሆነ፣ ለወጪ ተብሎ ቅይጡን የመረጠ ሰው ሒሳቡን ደግሞ ቢሠራ ያዋጣዋል። በብድር ለሚማሩም አዲስ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ “ግራድ ፕላስ” የተባለውን የድኅረ ምረቃ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቆም አድርጓል። ስለሆነም ከመመዝገብ በፊት የቀረው ብድር ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ከዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፍ ክፍል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተቋምን መመርመር የሚቻለው በማስታወቂያው ሳይሆን በካፕቲ መዝገብ ነው። አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚያገኘው ደረጃ የ“ዕጩነት” ነው፤ ዕጩነት ደግሞ ዕውቅና እንደሚከተል ዋስትና አይሆንም። ዕውቅናው ሳይገኝ ቢቀር ተመራቂዎቹ የፈቃድ ፈተናውን ለመውሰድ ላይበቁ ይችላሉ። ዕውቅና ያለው ፕሮግራም የምረቃ መጠኑንና ተመራቂዎቹ ብሔራዊውን ፈተና ያለፉበትን መጠን ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የማለፊያው መጠን በሁለት ዓመት አማካይ ከመቶ 85 በታች እንዳይወርድ ይጠበቃል። የቅይጥ ፕሮግራም አመልካች በተጨማሪ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ቢያቀርብ ይመከራል፤ የክሊኒክ ምደባውን የሚያፈላልገው ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ተማሪው?

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለሚሄዱ

ከአገር ውስጥ ለሚያመለክቱ ሰዎች ምርጫውን የሚወስነው አንዳንዴ የትምህርቱ ዓይነት ሳይሆን የቪዛው ሕግ ነው። ኤፍ-1 የተባለው የተማሪ ቪዛ ባለቤት ከሙሉ ጊዜ የኮርስ ጫናው ውስጥ በኦንላይን ሊቆጠርለት የሚችለው በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ ፕሮግራም ለዚህ ቪዛ መሠረት ሊሆን አይችልም። ቅይጡም ቢሆን አብዛኛው ትምህርቱ በኦንላይን በመሆኑ ከዚህ ገደብ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የማመልከቻ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 ቅጽ ለዚያው ፕሮግራም የሚሰጥ መሆኑን ከውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ቅጹን ከሌላ ፕሮግራም ጋር አያይዞ ለማስገኘት ቃል የሚገባ ደላላ ካጋጠመ ጉዳዩ ሕገ ወጥ መሆኑን መገንዘብ ያሻል።

በአሜሪካ ለመሥራት ሳይሆን ዲግሪውን ይዞ በኢትዮጵያ ለማገልገል ላሰበ ባለሙያ ደግሞ ስሌቱ ይለያል። እዚሁ ሥራ ላይ ሆኖ ዕውቀቱን ለማደስ ለሚሻ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የኦንላይኑ ትራንዚሽናል ዲፒቲ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ዲፒቲ የሙያ ዶክትሬት እንጂ እንደ ፒኤችዲ የምርምር ዲግሪ አለመሆኑን፣ በውጭ አገር የተገኘ ማስረጃም በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት የሚሠራለት መሆኑን ከግምት ማስገባት ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት የተቋሙን የዕውቅና ሁኔታና ትምህርቱ የሚሰጥበትን ዘዴ የሚገልጽ ሰነድ ይዞ፣ ክፍያ ከመፈጸም በፊት ባለሥልጣኑን ማማከር ይገባል።