ዘንባባው የት ሄደ?

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1960 በሃቫና የሐዘን ሥነ ሥርዓት ነበር። በዋዜማው ላ ኩብር የተባለች መርከብ ወደቡ ላይ ፈንድታ ብዙ ሰው አልቋል። ፎቶ አንሺው አልቤርቶ ኮርዳ በላይካ ካሜራው መድረኩን ሲቃኝ ቼ ጉቬራ ለአፍታ ብቅ አለ። ኮርዳ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳነሳው ሰውየው ከዕይታ ተሰወረ። በአግድሙ በተነሳው ፎቶ ላይ ቼ ብቻውን አልነበረም፤ በአንድ በኩል የሌላ ሰው ፊት፣ በሌላ በኩል የዘንባባ ቅጠል አለ። ኮርዳ ሁለቱንም ቆርጦ አወጣቸው። በየካናቴራውና በየግድግዳው የምናውቀው ፊት ከዚያ የተረፈው ነው።

በመንገድ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ግን «ጥሩ ፎቶ አይቆረጥም፤ መቁረጥ ማጭበርበር ነው» የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ምስክር ሆኖ የሚጠራውም ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን ነው። እውነትም እሱ ፍሬሙ ሻተሩ በተጫነበት ቅጽበት መጠናቀቅ አለበት ባይ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ ከሴን-ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ በውሃ ላይ የሚዘለውን ሰው ያነሳበት ዝነኛ ፎቶው ራሱ የተቆረጠ ነው። ሌንሱን በአጥር ጣውላዎች መካከል አሾልኮ ስላነሳ ጣውላው በኔጌቲቩ ግራ በኩል ገብቶበት ነበር። ያን ጣውላ ቆርጦ ባያወጣው ኖሮ ዘላዩን ማን ያስታውሰው ነበር?

ከሁሉ ይልቅ ተረቱን የሚያፈርሰው የአሜሪካዊው ዎከር ኢቫንስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሲመላለስ ኮንታክስ ካሜራውን ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል አውጥቶ፣ የሻተሩን ገመድ በእጅጌው አሳልፎ መዳፉ ውስጥ ይዞ ነበር። በካሜራው መስኮት አጮልቆ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ብዙውን የፍሬም ሥራ የሠራው ኋላ ላይ፣ በኔጌቲቩ ፊት ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች የደከመ፣ የተከዘ፣ ማንም አያየኝም ያለ ፊት አላቸው። ፎቶዎቹ በመጽሐፍ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እነዚያን ፊቶች ስላልተዘጋጁ እንወዳቸዋለን፤ መቆረጣቸው ያን አልነካባቸውም።

በተቃራኒው ወገን ያለው ተረት ደግሞ የበለጠ ያሳስታል፦ «ከሩቅ አንሳና ኋላ ቆርጠህ አቅርበው።» ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በወርድም በቁመትም ግማሹ ሲቆረጥ የሚቀረው 6 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ይህስ ይቻላል። የማይመለሰው ርቀቱ ነው። ከአንዲት ጉሊት ነጋዴ ኋላ በ5 ሜትር ላይ ሚኒባስ ቆሟል እንበል። ከ1 ሜትር ቀርቦ ያነሳት ሰው ሚኒባሱን ከ6 ሜትር፣ ከ5 ሜትር ያነሳት ደግሞ ከ10 ሜትር ያየዋል። በሁለተኛው ፎቶ ሚኒባሱ ከፊቷ አንጻር ሦስት እጥፍ ገዝፎ ይታያል፤ የቱንም ያህል ቢቆረጥ ይህ ምጣኔ አይለወጥም። ፊትና ዳራን የሚያዛምደው የፎቶ አንሺው እግር ነው።

ሲቆረጥ ፊትን ሁልጊዜ ፍሬሙን ለሦስት በሚከፍለው መስመር ላይ ማኖር ግዴታ ነው የሚባለውስ? ይህን የአንድ ሦስተኛ ደንብ ጆን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ሲጽፍ ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ነበር። ፎቶ የሚያነሳ ካሜራም ገና አልተፈጠረም ነበር።

«መንገድ ላይ የወጣ ፊት የሁሉም ነው» የሚለው ግን ሰው የሚጎዳ ተረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ተነሺው ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ከሚፈቅዳቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ፎቶው በአደባባይ ከተከናወነ ነገር ጋር ሲያያዝ ነው። እዚህ ላይ መቀሱ ሌላ ክብደት ያገኛል። በጥምቀት ታቦት የሚያጅበውን ሕዝብ አንስቶ፣ ቆርጦ ቆርጦ የአንዲት ሴት እንባ ብቻ ያስቀረ ሰው በእጁ ያለው የበዓሉ ፎቶ ነው ወይስ የሴትየዋ? ከመለጠፉ በፊት ፈልጎ ቢያገኛትና ቢያሳያት ምን ትለው ነበር?